ጭብጨባው ለማን ይገባል?

ዘንድሮ ያሆዴን ያከበርነው ከነልጆቻችን ጃጁራ፣ ከባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ሶሮ ሲወርዱ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ቤት ስንደርስ ቆጮው ተጋግሯል፣ ክትፎው በእንሰት ቅጠል ላይ ተሰናድቷል። ሴቶቹ በዊጆ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ የሚወጣው ለዚህ ቀን ነውና ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል። በቡላ፣ በወተትና በቅቤ የሚሠራው አታካናም ለክብር እንግዳው ለብቻው ቀርቧል።

የክብር እንግዳው ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነበር። ለሀዲያና ለከምባታ ሰው ደቡብ አፍሪካ ሩቅ አገር አይደለም፤ አንድ ሰው ያልላከ ቤት ማግኘት ይቸግራል። የአጎት ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ሲመጣ ከመኪና ለመውረድ ሰው ይደግፈው ነበር። አሁን ዘሎ ወረደ። «31 ኪሎ ቀንሻለሁ» ብሎ የድሮ ፎቶውን ከስልኩ አውጥቶ ሲያሳየን ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አታካናው ሲቀርብለት ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ባንቲንግ ላይ ነኝ» አለ።

አማቴ ዞር ብለው በጆሮዬ፣ «ባንቲንግ ምንድነው? አዲስ መሥሪያ ቤት ነው?» ሲሉ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ክትፎውን በአይብና በጎመን አድርጎ በላ። ቆጮውን አልነካም። ወጣቶቹ ከበውት ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ በስንት ወር ስንት ኪሎ እንደወረደ ይጠይቁታል። እኔ ግን ዓይኔ ጥግ ላይ ከተቀመጡት ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከጋሼ ላይ አልነቀል አለ። ጋሼም ቀንሰዋል፤ በሁለት ዓመት 7 ኪሎ። ለእሳቸው ግን ማንም አላጨበጨበም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። በእኛ አገር መክሳት የሚጨበጨብለት ነገር ሆኖ አያውቅም። «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ነው ሰላምታችን። ከሄደበት ወፍሮ የተመለሰ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል። በተለይ በዚህ አካባቢ ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ለምልሞ፣ እንሰቱ ቆሞ ሳለ ሰው የሚራብበትን ጊዜ «አረንጓዴ ረሃብ» ብለው የሰየሙት ከደቡብ በደረሰው መከራ ነው። ያንን ያዩ አማቴ የአጎት ልጅን ቀጭን አንገት ሲያዩ መጀመሪያ የደነገጡት ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ሲያጨበጭቡ እሳቸው ምግብ ይጨምሩለት ነበር።

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። ስኳርና ደም ግፊት በየቀበሌው ገብቷል፤ ከውጭ የሚመጡ ልጆቻችንም የአመጋገብ ዘዴ ይዘው ይመጣሉ። ከነዚህ ሁሉ ደግሞ በርትቶ የሚወራው ካርቦሃይድሬት የመቀነሱ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር ይቀራል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን፣ አቮካዶ ይተካል። ቆጮም አብዛኛው ስታርች፣ ፕሮቲኑም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከሚቀሩት ወገን ነው። አያቶቻችን ቆጮን ከጎመን፣ ከአይብና ከወተት ጋር አጣምረው መብላታቸው ያለ ነገር አልነበረም።

የአጎት ልጅ «ባንቲንግ» የሚለው ስም አንድ እውነተኛ ሰው አለው። ዊልያም ባንቲንግ በለንደን ከተማ ቀብር በማሰናዳት የሚተዳደር፣ ቤተሰቡም ለእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ይህንኑ የሠራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ክብደቱ 92 ኪሎ ገደማ ሲሆን ቁመቱ አጭር ነበርና የጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር አይችልም፤ ደረጃ የሚወርደውም ወደ ኋላው እየሄደ ነበር። ዊልያም ሃርቪ የሚባል ሐኪም ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው አዘዘው። በዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ የመጀመሪያውን እትም በነፃ አደለ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የደቡብ አፍሪካው ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ ከሌሎች ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ዘዴውን እንደገና አስነሡት፤ በዚያ አገርም ስሙ «ባንቲንግ» ሆኖ ቀረ። ጃጁራ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እኔ ከባንቲንግ ታሪክ ደስ የሚለኝ 21 ኪሎው አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሐኪሙ ማን እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን ያህል ሞክሮ እንዳልተሳካለት አልደበቀም። ሁለተኛ፣ ያንን መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ 15 ዓመት ያህል ኖሮ በ81 ዓመቱ ሲያርፍ ተመልሶ አልወፈረም።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ጋሼ ለዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የኢንሱሊን መርፌ ይወስዳሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአጎት ልጅ መቀነስ ሲጀምር ፎቶውንና የሚበላውን በስልክ ለቤተሰቡ ይልክ ነበር። ጋሼም አዩና ማንንም ሳያማክሩ ቆጮውንም ዳቦውንም በአንድ ቀን አቆሙ። መርፌውን ግን እንደ ድሮው መጠን ቀጠሉ። በአራተኛው ቀን ማታ ላባቸው ጠብ ጠብ ይል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ንግግራቸውም ይሳሰር ጀመር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ትምህርት ቤት የተማረችው ትዝ ብሏት፣ ራሳቸውን ሳይስቱ፣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ያሆዴን ያለ ጋሼ ነበር የምናከብረው።

የሆነው ግልጽ ነው። ኢንሱሊኑ ከምግብ የሚገባውን ስኳር ለመቋቋም የተለካ ነው። ምግቡ ቀርቶ መድኃኒቱ ሲቀጥል የደም ስኳር ከልኩ በታች ይወርዳል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ነው። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ፣ በ1921 በካናዳ ኢንሱሊንን ካገኙት ተመራማሪዎች ዋናው ፍሬድሪክ ባንቲንግ የዚያ የለንደኑ ባንቲንግ የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ኅዳር 5 የሚከበረውም የልደቱ ቀን ስለሆነ ነው። አንደኛው ባንቲንግ ምግቡን፣ ሁለተኛው ባንቲንግ መድኃኒቱን ሰጡን። ጋሼ ሁለቱን ያለ ሐኪም አገናኟቸውና ሊሞቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ዘዴውን አልተዉትም፤ አካሄዳቸውን ቀየሩ። ከሐኪም ጋር ሆነው መርፌው ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ቆጮው ወደ መዳፍ መጠን ወረደ፣ ሻዩ ያለ ስኳር ሆነ፣ ጎመን በአይብ በየቀኑ ገባ። እንቁላሉ ከቤት ነው። ሥጋና ቅቤ እንደ ልብ የሚገዛበት ኑሮ ስላልሆነ የሚበሉት ጓሮው የሰጣቸውን ነው። 7 ኪሎው ሁለት ዓመት ፈጀ። «ስኳሬ ግን ተስተካክሏል» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም።

ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ አሉ። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውን የሚጋግሩት፣ ለልጆቹ አንድ፣ ለጋሼ ሌላ ገበታ የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው። ጠግቦ የሚነሣው ሰው ሲቀንስ ስሙ የእሱ ነው፤ ድካሙ ግን የእሳቸው ነው። በዚያ ያሆዴ ቀን እትዬን «እንኳን ደስ አለዎት» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሳይንሱም ቢሆን ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ማጨብጨብን አያበረታታም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በሁለቱም ወገን ግን 30 ኪሎ ገደማ የቀነሱም፣ ጭራሽ 10 ኪሎ የጨመሩም ነበሩ። ስለዚህ 31 ኪሎ የቀነሰ ሰው ባለበት ቤት፣ ያንኑ እየበላ ጥቂት ብቻ የቀነሰ ሰው ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካም በ1994 የተጀመረ የክብደት መዝገብ አለ፤ ለመመዝገብ 13.6 ኪሎ መቀነስ ብቻውን አይበቃም፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይመለስ መቆየት አለበት።

እናንተስ? በየሠርጉና በየበዓሉ የቀነሰ ሰው ስታገኙ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ስንት ጊዜ ቆየህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያልነገርከን ምን አለ? መልሱን ሳይደብቅ የሚነግራችሁ ሰው ጭብጨባው ይገባዋል። ሌላውን የሚያዋርድ፣ «አንተ ፈቃድህ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ግን 50 ኪሎም ቢቀንስ አይገባውም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶች ደግሞ የማንንም ታሪክ ሰምታችሁ ገበታችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ማታ ላይ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ የአጎት ልጅ ከጋሼ ጎን ተቀመጠ። የሁለት ዓመቱን ነገር የሰማው ገና በዚያ ቀን ነበር። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ያማክር ብዬ መጻፍ ነበረብኝ» አለ። ቀጥሎ ቀን ያልነገረንን ነገረን፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀንሶ ሁለቱንም ጊዜ ሁሉም ተመልሶበታል። አሁንም በየማለዳው ሚዛን ላይ ሲወጣ ልቡ ይመታል። እኔ በልቤ ያጨበጨብኩለት ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ ግን ሳቅ ብለው፣ «በል አሁን የእናትህን ቆጮ ትንሽ ቅመስ፤ ተቀይመዋል» አሉት። አማቴ ቆርሰው ሰጡት። መዳፍ አትሞላም፤ በላት።