በባንክ ስለ ታገደ ገንዘብ

በኢሉባቦር የቡና ለቀማ ሲደርስ በመቱ፣ በጎሬና በያዮ ገበያ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እናያለን። ነጋዴው አስቀድሞ ከባንክ ይበደራል፤ ቡናውን ገዝቶ፣ አስጭኖና ሸጦ ሊከፍል ያስባል። ዋጋው እንዳሰበው ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ ግን ዕዳው በቦታው ይቆያል፤ የባንኩም ደብዳቤ ሳይከፈት በሣጥን ውስጥ ይከማቻል። በመጨረሻም የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊያወጣ የሄደ አባት አንድ ጧት «ሒሳብዎ ታግዷል» ይባላል። ባዶ እጁን ሲመለስም ስለ ዕዳው አንዳች ያልሰማች ባለቤቱ በበር ላይ ትጠብቀዋለች።

የባንክ ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ በጎሬም ቅርንጫፍ ነበረው፤ በዚያ ዘመን የኢሉባቦር ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ እየተጫነ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበርና። የዕዳ ጭንቀት ግን ባንክንም ይቀድመዋል። በቀድሞው ልማድ ባለዕዳው ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ታስሮ አብሮት ይውል ነበር። ዛሬ ያ ቀርቶ ሕግ የሚይዘው የባለዕዳውን ንብረት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ የታገደበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እግዱን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ባንኩ በብድሩ ውል መሠረት ራሱ ይዞት እንደ ሆነ ንግግሩ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ነው። ፍርድ ቤት አዝዞ እንደ ሆነ የመዝገቡን ቁጥር ይዞ ወደዚያው ይሂድ። የግብር መሥሪያ ቤት አሳግዶት እንደ ሆነም ጉዳዩ በዚያ ይታያል። በመስኮት የተቀመጠውን ገንዘብ ከፋይ መቆጣት ግን አይጠቅምም፤ እርሱ ትእዛዝ ፈጻሚ ነውና።

ሕጉም ባለዕዳውን ራቁቱን አያስቀርም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳውና የቤተ ሰቡ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ ለገበሬም ለኑሮው የሚያስፈልገው ከብትና ዘር በፍርድ አፈጻጸም እንዳይያዝ ይከለክላል። ከደመወዝም ሁለቱ እጅ ለባለዕዳው ይቀራል። ይህን መብት ለማስከበር ማስረጃ ይዞ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ያስፈልጋል።

ቤቱን በመያዣ የሰጠ ሰው ግን ፈጽሞ አይዘግይ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት፣ ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለው ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ሳይከፈት በሣጥን የቀረው ደብዳቤ ምናልባት ይኸው ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው እንዲህ ነው። ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው ዕዳውን ሁሉ፣ የወሩን ገቢና የቤቱን ወጪ በወረቀት ይጻፉ። ለቤተ ሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከጋራ ሀብት የሚከፈል ነውና ሚስት ነገሩን በመጨረሻው ቀን ልትሰማው አይገባም። ከዚያም በየወሩ በእውነት ሊከፍሉ የሚችሉትን ቈርጠው ወደ ባንኩ ይሂዱ፤ አዲሱም ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። ገንዘብን በወንድም ስም መደበቅ ነገሩን ያከፋዋል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍም በወንጀል ያስቀጣል። ዕዳው ሲያልቅ እግዱ የተነሣበትን ደብዳቤ ተቀብሎ ከደረሰኞቹ ጋር ማስቀመጥ አይረሳ።

ወንጌል ከባላጋራ ጋር ገና በመንገድ ሳሉ መስማማትን ያስተምረናል። ለባለዕዳ ያ መንገድ የሚጀምረው የመጀመሪያው ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ነው። ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ከባለቤቱ ጋር ከፍቶ ያነበበ ሰው ዕዳው ባይቀልለትም ብቻውን አይሸከመውም።