የቆመ ታብሌት በፈርምዌር ስለ ማስነሣትና አስቀድሞ የገበሬውን መዝገብ ስለ ማዳን



የገበሬው ስምና የማሳው ስፋት በወረቀት ብቻ ተጽፎ በሣጥን ይቀመጥ የነበረበት ጊዜ እያለፈ መሆኑን በየግዛታችሁ የምታዩት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የገበሬውን ቤተ ሰብ፥ ማሳና ምርት እየጠየቀ የመዘገበው በወረቀት ሳይሆን በታብሌት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የቤተ ሰብን መዝገብ በታብሌት መያዝ ከጀመሩ ዓመታት ዐልፈዋል። ለ4ኛው የሕዝብና የቤት ቈጠራ ከ100,000 የሚበልጡ ታብሌቶች ተገዝተው ሳለ ቈጠራው በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንዲተላለፍ መወሰኑም የሚታወስ ነው። እንግዲህ ታብሌት እንደ ሚዛንና እንደ መለኪያ ገመድ የመንግሥት ሥራ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ሚዛን ሲዛባ የሚያቃናው ሰው፥ ገመድ ሲበጠስ የሚቀጥለው ሰው በየወረዳው አለ። ታብሌት ሲቆም ግን ምን እንደሚደረግ በብዙ ጽሕፈት ቤት የተወሰነ ነገር የለም።

ሕመሙ የታወቀ ነው። ታብሌቱ ሲከፈት የፋብሪካውን ምልክት ብቻ አሳይቶ ከዚያ ወዲያ አልሄድም ይላል፤ ወይም ደግሞ እየጠፋ እየበራ ይዞራል። የልማት ሠራተኛው አንድ ቀን ሁለት ቀን ይሞክርና «ሞተ» ብሎ ለንብረት ክፍል ያስረክባል። ንብረት ክፍሉም ከተሰበረው ወንበርና ከደረቀው ባትሪ ጋር በመደርደሪያ ያኖረዋል። በዓመቱ መጨረሻ አዲስ ታብሌት እንዲገዛ ደብዳቤ ይጻፋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ታብሌት አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፥ በፈርምዌር ፋይል ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ፈርምዌር መሣሪያውን እንጂ በውስጡ የተጻፈውን የገበሬ መዝገብ አይመልስም። መሣሪያውን ለማስነሣት በሚደረግ ችኮላ መዝገቡን ማጥፋት ከመሣሪያው ሞት የከፋ ጥፋት ነው።

ፈርምዌር የምንለው በፋብሪካ የተዘጋጀ፥ የታብሌቱን ሥርዓተ ክወና በሙሉ የያዘ ፋይል ነው። የታብሌቱ ማኅደረ ትውስታ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ክፍል መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ጫኝ ፕሮግራም አለ፤ ቀጥሎ አንድሮይድ ራሱ፥ ቀጥሎም የጥገና በር የሚሆነው «ሪከቨሪ» የተባለው ክፍል አለ፤ በመጨረሻ የተጠቃሚው ጽሑፍ፥ ፎቶግራፍና ቅጽ የሚኖርበት ክፍል ይገኛል። ማሻሻያ በሚወርድበት ጊዜ ኃይል ቢቋረጥ፥ ማኅደሩ እስኪጣበብ ቢሞላ፥ ወይም ያልታወቀ ፕሮግራም ቢገባበት መካከለኛው ክፍል ይበላሻል። ጫኙ ግን ደኅና ሆኖ ይቀራል።

ይህን ነገር የወላይታ ሰው ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። አረካ በምትገኝበት በቦሎሶ ሶሬ በየጓሮው ያለው እንሰት፥ በአገሩ ቋንቋ ኡታ የሚባለው፥ ግንዱ ተቈርጦ ቢወድቅ ሥሩ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ አለቀለት አይባልም። ገበሬው ሥሩን አፈርና ፍግ አልብሶ ሲቀብረው ብዙ ችግኝ ያወጣለታል። ሥሩ ከበሰበሰ ግን ፍጉ አያድነውም። በታብሌትም ጫኙ ክፍል ሥሩ ነው። ሥሩ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ታብሌቱን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ላፕቶፑ ያወቀው እንደ ሆነ ማየት ነው። ካወቀው፥ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን እንኳ፥ ተስፋ አለ። በሌላ ገመድና በሌላ ላፕቶፕ ተሞክሮ ከቶ ካላወቀው ነገሩ የፈርምዌር ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሥራ ነው።

ስለ እንሰት ካነሣን ዘንድ ስለ ዝርያም አንድ ቃል እንጨምር። የአረካ ግብርና ምርምር ማእከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ «ቦሎሶ 1» የተባለው ቦይና ነው። ቦይና ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያገኘውን የሚተክል ገበሬ የለም፤ ስሙን፥ አገሩንና አፈሩን ይጠይቃል። ፈርምዌርም እንዲሁ ነው። በመልክ አንድ የሚመስሉ፥ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ታብሌቶች በውስጥ የተለያየ አንጎል ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ ፋይል ለሌላው ቢጫን፥ ይልቁንም የጫኙ ክፍል ፋይል ቢሳሳት፥ ሕመምተኛው ይሞታል። ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ከነፊደሉ፥ ከነጭረቱ ካልታወቀ በቀር ማንም ሰው ፋይል እንዳይጭን መከልከል ይገባል። የሥሪት ቁጥሩም አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች መሣሪያው ከነበረበት ያረጀ ሥሪት እንዲመለስበት አይፈቅዱም።

የአጫጫኑ መንገድ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ሳምሰንግ «ኦዲን» በተባለ ፕሮግራም ይጫናል፤ ሚዲያቴክ የተባለው አንጎል ያለባቸው «ኤስ ፒ ፍላሽ ቱል» በተባለው ይጫናሉ፤ ብዙዎቹ የሁዋዌ ታብሌቶች ፋይሉን በሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጎ የድምፅና የማብሪያ ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ በመያዝ ይቀበላሉ። ይህን ዝርዝር አስተዳዳሪ ሁሉ ይማረው አንልም። ሁለት ነገር ግን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሥራውን ሲያዝዝ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና።

መጀመሪያ፥ የተጠቃሚውን ክፍል ሳይነኩ ሥርዓቱን ብቻ የሚመልስ መንገድ ብዙ ጊዜ አለ። በሳምሰንግ ፈርምዌር ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ፋይሎች ይገኛሉ፤ «ሲ ኤስ ሲ» የሚለው የተጠቃሚውን ጽሑፍ ጠርጎ የሚያጠፋ፥ «ሆም ሲ ኤስ ሲ» የሚለው ግን የሚተወው ነው። በሚዲያቴክም ከሚጫኑት ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ የተጠቃሚውን ክፍል ምልክት አንሥቶ መተው ይቻላል። የቸኰለ ጠጋኝ ይህን አይለይም፤ ሁሉን ጠርጎ ይጭንና «ተነሣልህ» ብሎ ይሰጣል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይወስዳል፥ ጉዳቱን የሚያየው ቅጾቹን ሲፈልግ ነው።

ሁለተኛው፥ በሚዲያቴክ መጫኛ ላይ «ፎርማት ኦል» የሚል ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ ቁጥር፥ ማለት አይ ኤም ኢ አይ የተባለውንና የአንቴናውን ልክ ጨምሮ ይጠርገዋል። ታብሌቱ ይበራል፥ ያምራልም፤ ነገር ግን በሲም ካርድ ኔትወርክ አይዝም። በኔትወርክ የማይልክ ታብሌት ለቀበሌ ሥራ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ የቀረው ጥንቃቄ ቀላል ነው። የታብሌቱ ባትሪ ከግማሽ በላይ የተሞላ ይሁን። መብራት በሚቈራረጥበት ሰሞን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሳይሆን የራሱ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ይሠራ። ፋይሉም ከፋብሪካው ወይም ከታመነ ስፍራ የመጣ፥ የማረጋገጫ ቁጥሩም የተመሳከረ ይሁን፤ ከየትም የተለቀመ ፈርምዌር የሰላይ ፕሮግራም ይዞ ሊገባ ይችላልና።

አሁን ወደ ገበሬው መዝገብ እንመለስ። በወላይታ የይዞታው ስፋት ከግማሽ ሔክታር የሚያንስ ገበሬ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ጥቂት እርምጃ የጎረቤት ክርክር ያመጣል፥ ክርክሩም ወደ ሸንጎና ወደ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እንግዲህ አንድ የልማት ሠራተኛ ከአረካ ተነሥቶ በእግሩ እየዞረ የ40 አባወራ ማሳ ለክቶ በታብሌት መዘገበ እንበል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተሞላ ቅጽ ወደ ማእከል እስኪላክ ድረስ የሚኖረው በዚያ ታብሌት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ታብሌቱ በዚያ መካከል ቆሞ ተጠርጎ ቢነሣ 40ው አባወራ አልተመዘገቡም ማለት ነው። የማዳበሪያ ጥያቄው ቀርቶባቸው እንደ ሆነ የሚያውቁት ዝናቡ ከጣለ በኋላ ነው። በአሁኖቹ ታብሌቶች ላይ የተጻፈው ሁሉ በምስጢር ቁልፍ የተቈለፈ ስለ ሆነ፥ ከተጠረገ ወዲያ ማኅደሩን ነቅሎ ለማንበብ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ ከአረካ ርቆ የተደረገ፥ በዓለም የተወራ አንድ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቈጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች አስተማሪ ሳይሰጥ አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንደ ተናገረው፥ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈትና የታብሌቱን አቀማመጥ በየራሳቸው እስከ መለወጥ ደረሱ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ልጆቹ ብልሃት ነው፤ የሚደነቅም ነው። እኛ ግን ከዚያ ታሪክ ይልቁን ልብ ያልነው በየሳምንቱ እየመጣ የታብሌቶቹን የማኅደር ካርድ እየለወጠ የሚሄደውን ሰው ነው። በእርሱ ምክንያት ታብሌቱ ቢጠፋ ወይም ቢቆም የሚጠፋው የአንድ ሳምንት መዝገብ ብቻ ነበር። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ለሚሠራ ሁሉ ይህ አሠራር ዛሬም የሚያገለግል ነው። የልማት ሠራተኛው በየገበያው ቀን ወደ ወረዳው ሲመጣ ቅጾቹን ሳይልክ እንዳይመለስ ማዘዝ ገንዘብ አያስወጣም።

ሌላው ችግር የሒሳብ ቁልፍ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የወጡ አንድሮይዶች በጥገና በር ሲጠረጉ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አድራሻና የምስጢር ቃል ይጠይቃሉ። አድራሻው የጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረው ሠራተኛ የግል አድራሻ ከሆነ፥ ታብሌቱ ከሞት ተነሥቶ በር ላይ ይቀራል። ሠራተኛ ሲዛወር ቁልፍና ማኅተም እንደሚያስረክብ ይህንንም ያስረክብ። ከመጀመሪያውም ታብሌቱ በጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ቢከፈት ጣጣው ባልመጣ ነበር።

አንዳንድ ሹማምንት «በሶዶ ከተማ የስልክ ጠጋኝ ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። ከአረካ እስከ ሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠጋኞቹም በእውነቱ ብልሃተኞች ናቸው፥ ብዙዎቹ ፈርምዌር መጫንን ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይልቅ ያውቃሉ። ነቀፋችን በነርሱ ላይ አይደለም። የብዙ ቤተ ሰብ ስም፥ ስልክ፥ ፎቶግራፍና የይዞታ ልክ የያዘ የመንግሥት ታብሌት ያለ ውልና ያለ ፊርማ በመስኮት አሳልፎ ሰጥቶ «ነገ እመጣለሁ» ማለት ግን የሹም ሥራ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ጠጋኝ ቢያስፈልግ በውል ይቀጠር፥ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ፥ ኃላፊው እያየ ይሥራ፤ የተጠቃሚው ክፍል እንዳይነካም በጽሑፍ ይታዘዝ።

የሚሻለው ግን ዞኑ የራሱ ሰው ቢኖረው ነው። አንድ የሠለጠነ የኮምፒዩተር ባለሙያ፥ አንድ ላፕቶፕ፥ አንድ የውጭ ዲስክ ይበቃል። አንድ ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣልና ወረዳ ሁሉ ለየራሱ ከኢንተርኔት ያውርድ ቢባል ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል፤ በዞን አንድ ጊዜ ወርዶ፥ በሞዴል በሞዴሉ ተሰይሞ በዲስኩ ላይ ቢቀመጥ ለሁሉ ይበቃል። ፋይሉ መሰብሰብ ያለበት ታብሌቶቹ ደኅና ሳሉ ነው። ለቆየ ሞዴል ፋብሪካው ፋይሉን ከገበያ ያነሣበታልና ታብሌቱ ከታመመ በኋላ መፈለግ የዘገየ ፍለጋ ነው። የንብረት ሹሞችም ዕቃው በሞዴል 19 ሲገባና በሞዴል 22 ሲወጣ የሚጽፉት የዕቃውን ተከታታይ ቁጥር ብቻ ከሆነ፥ በጎኑ የሞዴሉንና የሥሪቱን ቁጥር ቢጨምሩበት የባለሙያውን ሥራ ግማሽ ሠሩለት ማለት ነው።

አዲስ ግዢ ይሻላል የሚሉም አሉ። ለተሰበረ ስክሪንና ላበጠ ባትሪ እውነታቸው ነው፤ ይልቁንም ያበጠ ባትሪ ያለው ታብሌት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከሌላው ተለይቶ መቀመጥ አለበት እንጂ ቻርጀር ሊሰካበት አይገባም። ለቀረው ግን የግዢ ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ባለሙያው የንብረት ክፍሉን መደርደሪያ እንዲያይ ይደረግ፤ ስንት ታብሌት ላፕቶፕ እንዳወቀውና ስንቱ እንዳላወቀው ዝርዝሩ ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ። የበልግ ዘር ዝግጅት ከመድረሱ በፊት፥ በጥርና በየካቲት፥ ሠራተኛው በጽሕፈት ቤት በሚገኝበት ጊዜ ይህ ምርመራ ቢደረግ፥ የተነሡት ታብሌቶች ለምዝገባው ይደርሳሉ፤ በውስጣቸው ሳይላክ የቀረ ቅጽ ያለባቸውም ተለይተው ቅጹ መጀመሪያ ይወጣላቸዋል።