ዓሣን በሰሐን ብቻ ማወቅ

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ዓሣን ከነሕይወቱ፥ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል የተመለከተ ማን ነው? በጾም ወራት ተጠብሶ ሲመጣ የማያውቀው የለም። ከነነፍሱ እንዴት እንደሚውል ብንጠየቅ ግን፥ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሳንቀር አፋችንን የምንይዝ ብዙዎች ነን።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ነገር ነው። ቺካጎ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አጎቴ የታክሲ ነጂ ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ያርፋሉ። በዚያች ቀን «ተነሥ፥ ዓሣ ልናይ ነው» አሉኝና በሚቺጋን ሐይቅ ዳር ወዳለው ሼድ ወደሚባለው አኳሪየም ወሰዱኝ። በሩ ላይ የተሰለፉትን ሕፃናት ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። «ጋሼ፥ ልጅ ሳንይዝ መግባታችን አያስቅብንም?» ብላቸው ሣቁና፥ «ሳምንቱን ሙሉ የሚጣደፍ ሰው ሳመላልስ እከርማለሁ። ዛሬ የማይጣደፍ ነገር ማየት አማረኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልተናገሩም ማለት ይቻላል። ከአንዱ መስተዋት ወደ ሌላው ቀስ ብለው እየሄዱ ቆመው ይመለከታሉ። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉንም አይቼ ጨረስሁ፤ በሁለተኛው ሰዓት ምንም እንዳላየሁ ገባኝ። አንዱ ዓሣ ድንበሩን ሲጠብቅ፥ ሌላው ከአሸዋ ጋር ተመሳስሎ ሲያደባ ማየት የሚቻለው ሳይቸኩሉ ሲቆሙ ብቻ ነው።

አጎቴ በምሳ ሰዓት ስለ አንድ አሮጌ ዓሣ አጫወቱኝ። በአንድ ሳንባ አየር የሚተነፍስ የአውስትራሊያ ዓሣ ነው፤ ስሙን «አያቴ» ብለውታል። በ1933 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ቤት ገብቶ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ኖረ። «እንደ ግንድ ተጋድሞ ይውላል፤ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባት ያየውን ልጅ አየው» አሉኝ።

ቺካጎ ከባሕር የራቀች ከተማ መሆንዋን ልብ በሉልኝ። ጆን ሼድ የተባለ ነጋዴ 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ እርሱ በ1926 እ.ኤ.አ. ቢሞትም ቤቱ በ1930 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አንድ ሚሊዮን ጋሎን የባሕር ውኃ ከፍሎሪዳ ጫፍ ከኪ ዌስት፥ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር አስጭነው አመጡ። ባሕር የሌለው ሕዝብ ባሕርን ለማወቅ ይህን ያህል ደከመ። እኛስ በደጃችን ያለውን ሐይቅ ለማወቅ ምን ደከምን?

በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ሊቃውንት 15 ያህል ትልልቅ የላቤዮባርበስ ዝርያዎችን ለይተው ጽፈዋል፤ ከእነርሱም ገሚሱ፥ መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ፥ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በፊሊፒንስ በላናዎ ሐይቅ የነበሩት አምሳያዎቻቸው ከውጭ በገባ ዓሣ ምክንያት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የእኛዎቹም አደጋ ላይ ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎችም ወንዞች ሲወጡ፥ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። ገና ሳይወልዱ ከተያዙ ለከርሞ ማን ይተካቸዋል?

አንዳንድ ወንድሞች «ሕዝብ ተርቦ ሳለ ዓሣ እያዩ መዋል የጥጋበኛ ሥራ ነው» ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የተራበ ሰው ዓሣውን የሚፈልገው ለምግብ ነው። ነገር ግን ዓሣው ካለቀ ቀድሞ የሚራበው ያው አስጋሪው ነው። በዕንቁላል መጣያው ወራት መረብ ይታገድ ብንል፥ አስጋሪው በእነዚያ ወራት ምን ይብላ የሚለውንም መመለስ አለብን። ይህን የሚያስብ ሰው የሚገኘው ደግሞ ዓሣውን ከሰሐን ውጭ ከሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ያላዩትን ነገር መጥፋቱን ማን ይነግራቸዋል?

ደግሞም ዕረፍት ሁሉ ሥራ መፍታት አይደለም። እኛ ተማሪዎች ዕረፍታችንን በካርታና በስልክ ስናሳልፈው ማንም አይወቅሰንም፤ በጸጥታ አንድ ፍጥረት ሲመለከት የዋለውን ግን እንደ ሕፃን እንቆጥረዋለን። አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲያቸው ውስጥ ሲገቡ ፊታቸው ታጥቦ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሚሊዮን ዶላር አልጠይቅም። በግቢያችን አንድ ጥግ ሁለት ሦስት የመስተዋት ገንዳ ይቀመጥ፤ የማይጠፉት ቆሮሶና አምባዛ ይግቡበት፤ የጣናዎቹ ነጭ ዓሦች ከቦታቸው ሳይነኩ ሥዕላቸውና ታሪካቸው በግድግዳው ላይ ይሰቀል። በፊቱም አንድ አግዳሚ ወንበር ይኑር። ወንበሩ እንዳይረሳ አደራ፤ ቆሞ የሚያልፍ ሰው ቶሎ ይረሳል፥ የተቀመጠ ሰው ግን መጠየቅ ይጀምራል።