ደላላውን ሳይሆን ፍሪሲዮኑን ያድምጡ!

በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። በእኛ አገር ሲያረጅ ይወደዳል! ዕድሜዋ ከ40 ዓመት ያለፈ፣ ወለሏ ሁለት ሦስቴ በላሜራ የተጣፈ ቶዮታ ዲኤክስ ባለቤቷ ከገዛበት ዋጋ ስንትና ስንት እጥፍ ትጠራለች። የ20 ዓመት ያሪስ ከሚሊዮን ብር በላይ ስትባል «እንዴ!» የሚል ሰው እንኳ አሁን አሁን ጠፍቷል። ለምደነዋል። የማንለምደው ነገር ምን አለ?

ነገሩ ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይ ባረጁት ላይ፣ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር ለገበያ ተለቀቀና በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። በአጭሩ «አሮጌ አታስገቡ፤ አዲስም ቢሆን ነዳጅ የሚጠጣ አታስገቡ፤ ለምታስገቡት ደግሞ ብራችሁን በጆንያ አምጡ» ተባልን። እነሆ ቀድሞ የገባው ሁሉ ወርቅ ሆነ።

ኤሌክትሪክ መኪና አልጠላም። ግቢ ያለው፣ መብራት የማይጠፋበት፣ ኪሱ የሞላ ሰው ይግዛ፤ ደግ አደረገ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው መምህር ግን ምን ያድርግ? ሽቦውን በመስኮት ያውርድ? ለመሆኑ ስለ ንጹሕ አየር የሚሰብኩን ሹማምንት ለዓመታት ሲንፈላሰሱባት የኖሩት ቪ8 ላንድክሩዘር በምን ነበር የምትሄደው? በጸሎት?

እንግዲህ የዕቁብ ገንዘቡን፣ የሚስቱን ወርቅና ከዘመድ የተበደረውን አጠራቅሞ ያገለገለች የቤንዚን መኪና ሊገዛ የተነሣ ወገኔን ነው ዛሬ የማናግረው። የእኔ አቋም ቀላል ነው፤ ማኑዋል ይግዙ። በእጅ ማርሽ የምትሄደዋን።

ለምን ቢሉ፣ አንደኛ ነገር ለመጠገን። አገራችን ውስጥ ፍሪሲዮን መቀየር የማያውቅ ጋራዥ የለም። ጣሊያን ሲሄድ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ የሚሉ ቃላትን ጥሎልን ሄዷል፤ መካኒኮቻችን ከቃሉ ጋር ሙያውንም ወርሰው ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ያቺ ስንቱን ሰው ያመላለሰችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ራሷ መሠረቷ ፊያት 124 ናት፤ እሷን እየፈታ ያደገ መካኒክ የማኑዋል ካምቢዮ አያስደነግጠውም። አውቶማቲክ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ፣ ወይም የተባለው ዓይነት ዘይት ሳይሆን የተገኘው ከተጨመረበት፣ በተለይ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ውስጥ ውስጡን አልቆ አንድ ቀን ዳገት ላይ ያቆማል። ያን ጊዜ መፍትሔው መጠገን ሳይሆን ከሌላ አሮጌ መኪና የወለቀ ካምቢዮ መግዛት ነው። የዚያን አሮጌ ታሪክ ደግሞ ማን ያውቃል?

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ማኑዋል መኪና ሕመሟን አትደብቅም። ለሚያዳምጣት ሁሉን ትናገራለች።

ይህን ስል ማኑዋል ሁሉ ጤነኛ ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ለፍሪሲዮን መቃብር ናት! ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። አንድ ሺህ ሲሲ የሆነች መኪና አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ቤንዚኑን እየረገጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ያንገዳግዳታል። ትራፊክ ሲዘጋበትም ዳገት ላይ በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ያቆማታል። ሸራው እንደ ሻማ ያልቃል። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚመረምረው እሱን ነው።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ሜዳ ላይ ያቁሟት፤ ፊት ለፊቷ ሰው እንዳይኖር፤ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገው ይሳቡ። ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡና ትንሽ ቤንዚን እየሰጡ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ። ሸራው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሳይጠፋ እያጓራ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ዋጋው ይቀነስ ወይም ደህና ዋሉ ይበሉ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተው ኒውትራል ላይ ያድምጡ። ፍሪሲዮኑን ሳይረግጡ የሚሰማ ጉርምርምታ ሲረግጡ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህ ከባድ ወጪ ነው። ሲረግጡ የሚጀምር ጩኸት ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ከሸራው ጋር አብሮ ይቀየራል። ከዚያ ይንዷት፤ ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ዘይቱ እስኪሞቅ ለግማሽ ሰዓት! ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልሱ «ግርርር» የምትል ከሆነ የሁለተኛው ማርሽ ነገር አብቅቷል፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከቤንዚኑ ሲያነሡ ማርሹ በራሱ ተስፈንጥሮ ከወጣም ቁልፉን ለባለቤቱ ይመልሱ።

ከፍታችን ሌላም ጉዳት አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ተገቢውን ፈሳሽ ትተን የቧንቧ ውሃ የመጨመር ልማዳችን በዚህ ላይ ሲታከል የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው እንደ ቡና አተላ ዝጎ ወይም ዘይት አዝሎ ካገኙት ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙ ማማር አያውሩ።

ያሪስና ቪትዝ የሚለው ክርክርም አለ። ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። መኪናዋ በመሠረቱ አንድ ናት፤ ነገር ግን ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣት ስም ነው፣ ያሪስ ደግሞ ለአውሮፓ። ጃፓን መሪው በቀኝ ነው። እንግዲህ በጃፓን ቪትዝ ሆና የተወለደች መኪና እዚህ በግራ መሪ ከመጣች፣ መሪዋን አንድ ሰው አንድ ቦታ ነቅሎ አዛውሮታል! ማን? የት? በምን ጥንቃቄ? የሻንሲ ቁጥሩ ይናገራል። የአውሮፓዋ 17 ፊደልና ቁጥር አላት፤ ፈረንሳይ ቫለንሲየን ከተማ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት «ቪ ኤን ኬ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራሉ። ለጃፓን የተሠራችው የመጀመሪያዋ ትውልድ ግን «ኤስ ሲ ፒ 10» ዓይነት አጭር ቁጥር ነው ያላት። የኋላዋ ላይ የተለጠፈውን ስም ይተዉት፤ ስም በማስቲሽ ይለጠፋል። የአውሮፓዎቹ አብዛኞቹ ማኑዋል መሆናቸው ደግሞ ለእኔ ተጨማሪ ምርቃት ነው።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬን አጅቤ መኪና ልናይ ሄድን። በቀጠሮው ሰዓት ስንደርስ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ጠበቀን። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሴት የያዘቻት ናት! ከቤት ቤተክርስቲያን፣ ከቤተክርስቲያን ቤት!» አለ ደላላው። መሪው ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጎማ እስከ ብረቱ ተበልቷል፤ ቆጣሪው 78 ሺህ ኪሎሜትር ይላል። ምን ዓይነት ቤተክርስቲያን ነው የሚሄዱት ሴትዮዋ? ግሸን ማርያም? «መካኒክ ላምጣ» ስንል ደላላው ፈጥኖ የራሱን ጠራ። መካኒክ ተብዬው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘይቷን አይቶ፣ «እሳት ናት!» ብሎ ዘጋው። በሁለት ደቂቃ! ሁለቱ ሲጠቃቀሱ እያየን ወጣን።

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። «ይቺ መኪና ታማለች» ባለ ቁጥር የሚጾም ሰው እውነቱን እንዲነግረን መጠበቅ የእሱ ሳይሆን የእኛ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሻጩም ደላላውም የማያውቁትን መካኒክ ይያዙ፤ የድካሙን አስቀድመው ይክፈሉት፣ ግዙም አትግዙም ቢል ክፍያው እንደማይለወጥ ይንገሩት። ሻጩንም «ሞተሩን አታሙቀው፤ ቀዝቃዛውን ነው የማየው» ይበሉት። ጠዋት በብርድ ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ መኪና ፋሻዋ ወይም የቫልቮቿ ጎማ አልቋል፤ ከሰዓት በኋላ ሞቃ ሲያዩዋት ይህን አያዩም።

ወረቀቱን ባጭሩ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር በፊደል በፊደል ይመሳከር። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ከውጭ የተመለሰ ዘመድ በመብቱ አስገብቷት «ግድ የለም፣ በውክልና ትነዳታለህ» የሚባልበት ጨዋታ ወንድምና ወንድምን ያጣላል። ገንዘቡም ውልና ማስረጃ ፊት ከመፈራረም በፊት ከእጅዎ አይውጣ። ቀብድ? ትንሽ፣ በጽሑፍ፣ በምስክር።

ይህ ሁሉ ግን ለምን በገዢው ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል? መኪና ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል፤ ባለንብረቱም ይከፍላል። ታዲያ በምርመራው ቀን ቆጣሪው ያለበት ኪሎሜትርና የተገኘው ጉድለት ቢመዘገብ፣ ማንኛውም ገዢ ሊብሬውን ይዞ ሄዶ በሻንሲ ቁጥሩ የዓመታቱን መዝገብ ቢያይ ምን ይቸግራል? አምና 190 ሺህ የነበረ ቆጣሪ ዘንድሮ 78 ሺህ ሲሆን ያን ጊዜ ይጋለጣል። መንግሥት የመኪናውን በር በታክስ፣ በክልከላና በምንዛሪ ሲዘጋብን አንድም ቀን አቅም አነሰኝ አላለም። ውስጥ የቀረነው በአሮጌ ብረት እርስ በርሳችን እንዳንበላላ አንድ ዓምድ ቅጽ ላይ መጨመር አያቅተውም፤ ለዚህ ዶላር አያስፈልግም፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የአንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል።