ለስንዴው የተደረገው ለሰው ለምን አይደረግም?

ነገሩ የሚጀምረው በቁርስ ሰዓት ነው። ሰውየው ከገብስ ቂጣው ቆርሶ ይጎርሳል፣ ያላምጣል፤ ሲውጠው ደረቱ መሃል ላይ ያዝ ያደርገዋል። ውኃ ሲጎነጭበት ይወርድለታል። «ቂጣው ደርቋል» ይላል፤ ባለቤቱም «ነገ ቅቤ እቀባልሃለሁ» ትለዋለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥጋ ይቀራል። ቀጥሎ እንጀራው በወጥ ካልራሰ አልወርድ ይላል። ከዚያ አጥሚት ብቻ፣ ከዚያ ወተት ብቻ ይሆናል። በመጨረሻ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቅተውና መትፊያ ጣሳ አልጋው ሥር ይቀመጥለታል። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል።

በአሰላና በዙሪያዋ፣ ከኢተያ እስከ በቆጂ፣ ይህን ታሪክ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ሕዝቡ የጉሮሮ ካንሰር ይለዋል፤ ሐኪሞች የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይሉታል። ከአርሲና ከባሌ በዚህ በሽታ የሚመጡ ታማሚዎች መብዛታቸው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲታይ የኖረ ነገር ነው። አካባቢው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚወርድ፣ ይህ ካንሰር ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚበዛበት ሰፊ መስመር አካል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ነገር ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳይፈታ ይቆያል?

ጥያቄዬን ከስንዴው ልጀምር፤ አርሲ የስንዴ አገር ነውና። በ2006 ዓ.ም. «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ በሽታ በባሌና በአርሲ ሲመታው ምን ተደረገ? ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ ዞሩ። ናሙና ተወስዶ የዋጉ ዘር በላቦራቶሪ ተለየ። የት እንደታየና ወዴት እንደሚዛመት በካርታ ሰፈረ። ዋጉን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው እንዲደርሱ ተሠራ። ከአሰላ በቅርብ ርቀት ላይ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም የዚህ ሥራ አንዱ ምሰሶ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የአገር እንጀራ የተጠበቀበት ነው።

እንግዲህ ልጠይቅ። ለስንዴው አገዳ እንዲህ የምንዞር ከሆነ ስንዴውን ለዘራው ሰው ጉሮሮ ቤት ለቤት የምንዞረው መቼ ነው? ይህ ካንሰር የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚበዛ የሚያሳየው ካርታ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለምን አልተሰቀለም? ዋግ በአንድ ማሳ ሲታይ የልማት ሠራተኛው ሪፖርት ማድረግ ግዴታው መሆኑን ያውቃል። «ምግብ አልወርድ አለኝ» የሚል ሰው በአንድ ቀበሌ ሲታይ ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው?

ሰው በሻይ ቤትም በለቅሶ ቤትም የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። «ድሮ ይህ በሽታ የት ነበር? ማዳበሪያና ኬሚካል ከመጣ ወዲህ ነው» ይባላል። ይህን ጥርጣሬ ማንም መሃይምነት ነው ብሎ ሊያጣጥለው አይገባም። አርሲ ዘመናዊ ግብርና ቀድሞ ከገባባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ሥራ ጀምሮ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያደረሰ ነው። ዛሬ በአረም ወቅት አንድ ማሳ ዳር ቁሙና ተመልከቱ። ወጣቱ የመርጫ ታንኩን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፉን በሻሽ አስሮ፣ ባዶ እግሩን ይረጫል። ኬሚካሉን ያማሰለው በእንጨት ነው፤ የተረፈውን ያጠበው ወንዝ ዳር ነው። ባዶው ጀሪካን ደግሞ ታጥቦ ወደ ቤት ይገባል፤ ነገ ውኃ ወይም ዘይት ይቀመጥበታል።

ገበሬው «ቱ-ፎር-ዲ» የሚለውን ፀረ አረም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ከሚላቸው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ማለት ግን የአርሲን ጉሮሮ የዘጋው እሱ ነው ማለት አይደለም። ፀረ አረም ለምግብ ቧንቧ ካንሰር መነሻ መሆኑ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። «ድሮ አልነበረም» የሚለውም ቢሆን ራሱ ጥያቄ ይጠየቅበት፦ ድሮ ማን ቆጥሮ ነበር? ከስቶ፣ ምግብ እምቢ ብሎት የሞተው አያታችን በምን እንደሞተ ማን መዘገበ?

ያልተረጋገጠ ማለት ግን ነፃ የወጣ ማለት አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? ኬሚካሉን የሚሸጠው ሰው ጓንትና ጭምብል አብሮ እንዲያቀርብ፣ ባዶ ጀሪካን ተሰብስቦ እንዲወገድ የሚቆጣጠረው ማን ነው? የምርቱን ኩንታል ለመቁጠር ባለሙያ ካልታጣ የረጪውን እጅ ለማየት ባለሙያ ለምን ይታጣል?

ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። በደጋው የማለዳ ብርድ የገብስ ገንፎ፣ በኦሮምኛ ማርቃ የሚባለው፣ ከምድጃ ሲወርድ ይተናል። መሃሉ ጎድጉዶ ቅቤ ይፈስበታል፤ ከዳር እየተቆረሰ፣ እየተነከረ፣ እንደ ተንፈቀፈቀ ይዋጣል። ቡናውም ሻዩም እንዲሁ ሳይበርድ ነው። «በትኩሱ!» ማለት ፍቅር ነው፤ የቀዘቀዘ ማቅረብ እንግዳን መናቅ ነው። ያው የካንሰር ምርምር ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር «ምናልባትም» መነሻ መሆኑን አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የማገዶ ጭስንም በዚያው የ«ምናልባት» ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። መስኮት በሌለው ጎጆ፣ ምድጃ ዳር ዕድሜዋን የጨረሰች እናት የዋጠችው ጭስ በምን ይለካል?

እዚህ ላይ ልብ የሚነካ ነገር አለ። በአርሲ ለሚበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዓይነት በምዕራቡ ዓለም ዋና ተጠያቂዎቹ ትንባሆና አልኮል ናቸው። በአርሲ ግን ሲጋራ በእጃቸው ያልነኩ፣ አረቄ ያልቀመሱ፣ ሃይማኖታቸውን ጠብቀው የኖሩ እናቶችና አባቶች ጭምር ይታመማሉ። «አትጠጣ፣ አታጭስ» የሚለው የተለመደ ምክር ለእነሱ ምን ይረባቸዋል? ከሌላ አገር የተቀዳ ፖስተር ለጥፎ «ግንዛቤ ፈጥረናል» ማለትስ ለማን ነው የሚጠቅመው?

ሌሎች እንዴት ጠየቁ? በሰሜን ኢራን ጎለስታን የሚባል ግዛት አለ፤ እንደ አርሲ ይህ ካንሰር የበረታበት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ወደ 50 ሺህ ሰዎችን መዝግበው ለዓመታት ተከታተሉ። ሰዎቹ የሚጠጡት ሻይ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ በሙቀት መለኪያ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ውጤት በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ ሻይ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ አድርገው የሚጠጡ ሰዎች አደጋቸው ቀዝቀዝ ያለውን በመጠኑ ከሚጠጡት በ90 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወሬ ነበረ፤ ተለካ፤ ዕውቀት ሆነ።

በአርሲም ጥናት ጨርሶ የለም አልልም። ከዞኑ ታማሚዎች ጋር ተቀምጠው የአመጋገባቸውን፣ የቤታቸውንና የኑሯቸውን ነገር የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጥናቱ ከመጽሔት ገጽ ወርዶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደብተር ላይ ደርሷል ወይ? ገንፎውን የምታቀርበው እናት ሰምታዋለች ወይ? የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አሰላ ላይ ነው፤ የሪፈራልና የማስተማሪያ ሆስፒታሉም አሰላ ላይ ነው። በሽታውም፣ ተማሪውም፣ ሐኪሙም አንድ ከተማ ውስጥ ካሉ፣ አርሲን የሚያህል አገር ለዓመታት የሚከታተል ምዝገባ እዚሁ እንዳይቋቋም የሚከለክለው ምንድን ነው? በአዲስ አበባ የሕዝብ ካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሯል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ካንሰር የሚቆጠርበት፣ የበሽታው መናኸሪያ የሆነው ገጠር የማይቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ታማሚዎች ዘግይተው ነው የሚመጡት» ይባላል። እውነት ነው። መዋጥ ሲያስቸግር ቧንቧው ቀድሞ በእጅጉ ጠቧል። ግን ዘገዩ የምንላቸው ሰዎች የት ነበሩ? ብዙዎቹ ቤታቸው አልተቀመጡም። ጤና ጣቢያ ሄደው «ጨጓራ ነው» ተብለው ክኒን ይዘው ተመልሰዋል፤ ሲብስባቸው ደግመው ሄደው ያንኑ ክኒን ተቀብለዋል። ጸበልም ሞክረዋል፤ የባህል ሐኪምም አይተዋል። ይህን ሁሉ በር ያንኳኳ ሰው ዘገየ ይባላል ወይስ ዘግይቶ ተሰማ? «ሲውጡ ይይዝዎታል? ከመቼ ጀምሮ? ከስተዋል?» ብሎ መጠየቅ መሣሪያም በጀትም አይፈልግም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ቧንቧውን በካሜራ ወደሚያይ ኢንዶስኮፒ በዚያው ሳምንት መላክ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ያንን ሥርዓት ማን ይሥራው?

ከተላከም በኋላ መንገዱ ረጅም ነው። ጥቁር አንበሳ ለ20 ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ኖሯል። ሕክምናው ወደ ክልል እንዲወርድ ሲታቀድ ጅማ፣ ሐሮማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ተመርጠዋል፤ መልካም ነው። ከአሰላ ተነሥቶ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው፣ ውኃ እንኳ የማይወርድለት ሰውስ? በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የት ቦታ ላይ ተጻፈ?

ለራሳችንም አንድ ጥያቄ እናስቀር። ስሙን ስንሸሽ የኖርነው እኛ አይደለንም ወይ? ለቅሶ ቤት «በምን አረፉ?» ሲባል «ትንሽ አሟቸው ነበር» ብለን አላለፍንም? የምንደብቀው በሽታ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ በሽታ በጀት አያገኝም።

ፍርዴ ይህ ነው። በአርሲ መንስኤው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ትኩሱም፣ ጭሱም፣ የምግብ ማነሱም፣ ምናልባትም ኬሚካሉ ሊደራረቡ ይችላሉ። መንስኤው እስኪታወቅ ግን እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ጥፋት ነው። ጤና ቢሮው ምዝገባውን ይጀምር። ግብርና ቢሮው ጀሪካኑን ይሰብስብ፤ ረጪውን ያልብስ። ዩኒቨርሲቲው ያወቀውን በኦሮምኛና በአማርኛ ለገበያተኛው ይንገር። ምድጃው ጭስ ማውጫ ይውጣለት።

አንተም አንቺም፦ ገንፎው ከወረደ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ፍቅሩ አይቀዘቅዝም። አባትህ ቂጣውን በውኃ ማወራረድ ከጀመረ «ደርቆ ነው» ብለህ አትለፍ። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ይዘኸው ሂድ፤ የጨጓራ ክኒን ብቻ ከሰጡህ ደግሞ «ሲውጥ ይይዘዋል» ብለህ ቁመህ ተናገር። እስኪሰሙህ ድረስ ከዚያ አትንቀሳቀስ።