ሳይፈጸሙ የቆዩ ጨዋታዎች

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ከቤት እንዳንወጣ በከለከለን በአንድ እሑድ፥ ከሚሴ በሚገኘው ቤታችን ተቀምጬ፥ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፥ በእጄ ገብተው ሳይፈጸሙ የቆዩትን የቪዲዮ ጨዋታዎች አንድ በአንድ መዘገብሁ። ቍጥራቸውም 47 ሆነ። ከነዚህ ውስጥ 14ቱ ተጀምረው የተተዉ ሲሆኑ፥ የቀሩት 33ቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልተከፈቱ ነበሩ። ባለቤቴ ዝርዝሩን አይታ፥ «ይህ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ነውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደ ሆነ በነገርኋት ጊዜ አንድ ቃል ሳትመልስ ቡናዋን ወደ መቍላት ተመለሰች፤ ዝምታዋም ከነቀፋ ይልቅ ከበደኝ።

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ማንበብ የለመዳችሁ፥ «ይህ ነገር ከቤተሰብ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታ ባገራችን ለልጆች ብቻ የተተወ ነገር አልነበረም። ቀድሞ መኳንንቱ በሰንጠረዥ ይፈታተኑ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ «ወረራ» በሚባለው በዚህ መጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ፥ እጃቸው በፈጠነው መጠን ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ስለ ገበጣም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ፥ ቢበዛም ፀሐይ እስክትጠልቅ ይፈጸማሉ፤ ጠጠሩም ተሰብስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይፈጸም ለከርሞ የሚያድር ገበጣ አላየሁም።

የዛሬው የቪዲዮ ጨዋታ ግን እንደ ረጅም የታሪክ መጽሐፍ ነው። ለምሳሌ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ኩባንያ በ2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣው ሦስተኛው «ዊቸር» ዋናውን ታሪክ ብቻ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው 50 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በየመንደሩ እየቆመ የሰውን ችግር ሁሉ ልስማ ላለ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል። እኔ በሳምንት ለዚህ ጕዳይ ከአራት ሰዓት የበለጠ አላገኝም። አንዱን ጨዋታ ከሌላው ጋራ አማካይቼ 25 ሰዓት ብለው፥ 47ቱን ለመፈጸም 1175 ሰዓት፥ ይኸውም ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ያስፈልገኛል። ይህን ሒሳብ በወረቀቱ ጀርባ ከሠራሁ በኋላ እርሳሱን አስቀመጥሁት።

እንዲህ ያለው ክምር በውጭም አገር የታወቀ ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስቲም የተባለውን አገልግሎት ጀምሮ፥ በኋላም የሌሎችን ጨዋታ በኢንተርኔት መሸጥ ከያዘ ወዲህ፥ በየበጋውና በየክረምቱ ዋጋ እየቀነሰ ስለሚሸጥ፥ ሰዎች የሚጫወቱበትን ጊዜ ሳያስቡ ይገዛሉ። የኛው ግን መንገዱ ሌላ ነው። ከዚህ ሆኖ በውጭ ገንዘብ መክፈል ቀላል ስላልሆነ፥ አብዛኛው ሰው ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ አንድ ሱቅ ሄዶ ጨዋታ ያስጭናል። እኔም ለሥራ ጕዳይ ደሴ በወጣሁ ቍጥር እንዲሁ አደርግ ነበር። ባለ ሱቁ የስሞቹን ዝርዝር ሲያሳየኝ፥ «ይህንም፥ ይህንም» እያልሁ ቦታው እስኪሞላ አስጭናለሁ። ወደ ከሚሴ ስመለስ፥ በመኪናው ውስጥ የሚሰማኝ ደስታ ሁሉንም ተጫውቶ እንደ ጨረሰ ሰው ደስታ ነበር።

አክስቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳ እህል የምትሸምተው ለቤቷ በሚበቃት መጠን ብቻ ነው። «የተረፈው ለነቀዝ ነው» ትላለች። ጨዋታም ይነቅዛል። ማጫወቻው ይለወጣል፤ በመካከል የተተወውን ታሪክ ከዓመት በኋላ ሲከፍቱት ማን ወዳጅ፥ ማን ጠላት እንደ ነበረ ይረሳል፤ ጣትም የለመደውን ያጣል። በዚህ ላይ የመብራት ነገር አለ። ከ14ቱ ተጀምረው ከተተዉት ውስጥ ስድስቱን የተውኋቸው ጠልቼአቸው አይደለም፤ የሁለትና የሦስት ሰዓት ድካሜን ሳላስቀምጠው መብራት ጠፍቶ፥ ያንኑ መንገድ እንደገና መሄድ ስለ ሰለቸኝ ነው። ይህን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። የእግር ኳሱን ጨዋታ ከዝርዝሩ አወጣሁት፤ እስከ 2022 «ፊፋ» ሲባል የቆየው፥ ከ2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ስሙ የተለወጠው ይህ ጨዋታ በየዓመቱ አዲስ ስለሚወጣ መጨረሻ የለውምና። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታም እንዲሁ ተውሁት፤ ዶሮዋ እስክትያዝ ትሮጣለች እንጂ የምትደርስበት ቤት የላትም። ለቀሩት ደግሞ ሦስት ሦስት ሰዓት ሰጠኋቸው። በሦስት ሰዓት ልቤን ያልያዘ ጨዋታ ያለ ጸጸት ይፋቃል። መጀመሪያ ሲፍቁ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከአምስተኛው በኋላ ግን ጓዳ እንደ መጥረግ ደስ ይላል።

ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 6 ፈጸምሁ፥ 19 ፋቅሁ። ከፈጸምኋቸው ውስጥ በልቤ የቀረው በ2018 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው «ጎድ ኦፍ ዎር» ነው። አንድ ቁጡ አባት ከትንሽ ልጁ ጋራ የሟች ሚስቱን አመድ ተሸክሞ ከተራሮች ሁሉ ወደሚበልጠው ጫፍ ይጓዛል፤ ልጁንም በስሙ ለመጥራት እንኳ ይከብደዋል። ደም የሚበዛበት ጨዋታ ስለ ሆነ የ12 ዓመቱን ልጄን ከክፍሉ አስወጥቼ ነበር የምጫወተው። ስለ አባትና ልጅ የሚናገረውን ታሪክ ልጄን ወደ ውጭ አባርሬ መፈጸሜ ትዝ ያለኝ ግን ከጨረስሁት በኋላ ነው።

22 ብቻ ቀሩኝ ብዬ በኵራት ለባለቤቴ በነገርኋት ቀን ነው ነገሩ የመጣው። «ዝርዝሩ ስሕተት አለበት» አለችኝ። «47 አይደለም፥ 48 ነው። የወንድምህን አልጻፍኸውም።»

የዚህን ነገር ሥር ለመግለጽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የሚመላለሱት አውቶቡሶች በሚያልፉበት በከሚሴ ዋና መንገድ ዳር አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለ ሆነ፥ በከሚሴ ቆላማ ሙቀት ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ልጆቹ ግን ላባቸውን እየጠረጉ ተራ ይጠብቃሉ፤ በረመዳን ሌሊት ደግሞ ከተራዊሕ በኋላ መቆሚያ አይገኝም ነበር። ሌላው ሁሉ ኳስ ሲጫወት ታናሽ ወንድሜ ብቻውን በሰዓት እየከፈለ፥ ፉሚቶ ኡዌዳ የተባሉት ጃፓናዊ መርተው በ2005 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያወጡትን «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» የተባለውን ይጫወታል። የልጆቹን ፌዝ ከቍም ነገር አልቈጠረውም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድ ለማስነሣት ሲል በፈረሱ ተቀምጦ ሰው ወደማይኖርበት አገር ይገባል። በዚያም አገር 16 ግዙፋን ፍጥረቶች አሉ፤ ከነሱ በቀር የሚዋጋው ጠላት የለም። አንዱ ግዙፍ በወደቀ ቍጥር በቤተ መቅደሱ ካሉት 16 የድንጋይ ምስሎች አንዱ ይፈርሳል። የቀረው ጊዜ ሁሉ ሰፊ ሜዳ፥ ነፋስና የፈረስ ኮቴ ነው። የጨፋን ሜዳ ከቦርከና ወንዝ ዳር ሆኖ ያየ ሰው ወንድሜ ይህን ለምን እንደ ወደደው አይጠፋውም። የተጫወተውን የሚያስቀምጥባትን ስምንት ሜጋባይት የምትይዝ ሜሞሪ ካርድ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በኪሱ ይዟት ይዞር ነበር። ዘጠኙን ከጣለ በኋላ አሥረኛው አቆመው። አሥረኛው በአሸዋ ውስጥ የሚዋኝ፥ ከፈረስ የሚፈጥን አውሬ ነው፤ ተጫዋቹ በፈረስ እየሸሸ ወደ ኋላ ዞሮ ዐይኑን በቀስት መምታት አለበት። ወንድሜ ግን ፈረሱን ልምራ ሲል ቀስቱ ይስተዋል፤ ቀስቱን ላነጣጥር ሲል ፈረሱ ከገደሉ ጋራ ይጋጫል። ወራት እንዲሁ አለፉ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፥ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎና የዚህ ዞን ልጆች ስለ ነበሩ፥ መንገዱ ምን እንደሚመስል በከሚሴ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወንድሜ በዚያው መንገድ፥ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፥ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን ሄደ። ለእናታችን አልነገራትም። ለእኔ ግን ሜሞሪ ካርዷን በወረቀት ጠቅልሎ በጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ነበር። በወረቀቱም ላይ፥ «ጋሼ፥ አሥረኛውን እንዳትነካብኝ፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» የሚል ተጽፎበታል። ከአራት ወር በኋላ ከጂዳ ድምፁን እስክንሰማ ድረስ በቤታችን የነበረውን ኑሮ አልጽፈውም።

የፕሌይስቴሽኑ ቤት አዲስ ማጫወቻ ሲያስገባ አሮጌውን ከባለቤቱ ገዛሁት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ ልጆቹን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ወጣን፤ በጥር ስንመለስ ማጫወቻው በቦታው አልነበረም። ስለ ማጫወቻው ስናገር ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ፥ ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና ከቤታችን ካርታ ጋራ አድርጋ ይዛት የቆየችውን ሜሞሪ ካርድ አወጣች። ያን ቀን ደግሞ እኔ ነኝ መናገር ያቃተኝ። ሌላ አሮጌ ማጫወቻ ከኮምቦልቻ ገዝቼ ካርዷን ከፈትሁና ዘጠኙ ምስሎች እንደ ፈረሱ፥ ሰባቱ እንደ ቆሙ አይቼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው አዘዝሁ።

እንግዲህ ባለቤቴ 48 ያለችው ይህን ነበር። የምፈራውንም አውቃዋለች፤ ወንድሜ ባይመለስስ የሚለውን ነው። ከሄደ 11 ዓመት ሆኖታል፤ ሲሄድ የአንድ ዓመት ሕፃን የነበረው ልጄ አጎቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። በየዒዱ ይደውልና የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የእናታችንን ጤንነት፥ ቀጥሎም «አሥረኛውን ነካህብኝ?»

በጥር ወር አንድ ዓርብ፥ ከሥራ ስመለስ ልጄ ያንኑ ጨዋታ ከፍቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ልቈጣው አፌን ስከፍት፥ ከመጀመሪያው አንሥቶ በሌላ ስፍራ እያስቀመጠ ራሱ ዘጠኙን እንደ ጣለና የአጎቱን እንዳልነካ አሳየኝ። አሁን አሥረኛው ላይ ቆሟል። ስልኩም በትራሱ ላይ ተደግፏል፤ በስልኩ ውስጥ ወንድሜ አለ። ዓርብ የዕረፍት ቀኑ ነውና ልጁ ራሱ ደውሎለት ነበር። ሁለቱ በከሚሴ ቤቶች እንደ ተለመደው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ይነጋገራሉ።

«ልጓሙን ተወው» ይላል ወንድሜ። «አትምራው። ፈረሱ መንገዱን ያውቃል፤ አንተ ወደ ኋላህ ብቻ ተመልከት።»

ልጁ ልጓሙን ተወ። ፈረሱም ከገደሉ ራሱ እየታጠፈ ጋለበ። በሦስተኛው ሙከራ ቀስቱ የአውሬውን ዐይን አገኘ፤ አውሬውም ከግድግዳው ጋራ ተላትሞ ከአሸዋው ወጣ። ከጂዳ በኩል የተሰማው ጩኸት ባለቤቴን ከማድ ቤት አስወጣት።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ስልኩን ተቀብዬ፥ «ይህን መላ መቼ አገኘኸው? እዚህ ሳለህ አላወቅኸውም ነበር» ብዬ ጠየቅሁት። «መንገድ ላይ አሰብሁት፤ ብዙ ጊዜ ነበረኝ» አለኝና ወሬውን ወደ እናታችን መለሰው።

ልጄ አሁን አሥራ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አጎቱ ሳይደውል እንዳይጫወት ስለ ተስማሙ ማጫወቻው የሚከፈተው ዓርብ ብቻ ነው፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። የወንድሜ ስፍራ ግን እስከ ዛሬ ዘጠኙ እንደ ፈረሱ ነው። እኔም በዝርዝሬ ግርጌ 48 ብዬ ስሙን ጽፌዋለሁ፤ የምሰርዘው እሱ ራሱ ነው።