በነጻ የተገኘው መሣሪያም ጠባቂ ይሻል

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ሻጩ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና ገንዘቡን በዚህኛው ላኩልን» ብሎ በኢሜይል ቢጽፍለት፣ አስተዋይ ከሆነ አስቀድሞ የሚመረምረው መልእክቱ የመጣበትን የዶሜይን ስም ነው። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ የሚል ድርጅት ስሙ ባለፈው ሳምንት የተመዘገበ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን ማቆየት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የባለቤቱ ማንነት በብዙው መዝገብ ተሸፍኗል፤ የምዝገባው ቀን ግን ዛሬም ይታያል።

ይህን መዝገብ የምንጠይቅበት ደንብ፣ ሁኢዝ የሚባለው፣ በ1982 የተጻፈ ነው። ዛሬ ጥያቄውን የሚያቀርበው በአብዛኛው ሰው ሳይሆን ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ፣ በነጻ የሚታደል የሶፍትዌር ላይብረሪ ነው። በውስጡም የየመዝገቡ ሰርቨር አድራሻ ተጽፎበት ይገኛል።

አድራሻው ተለውጦ ላይብረሪው ሳይታደስ ቢቀር ምን እንደሚደርስ በ2024 ታይቷል። የዶት ሞቢ መዝገብ ሰርቨሩን ወደ ሌላ አድራሻ ካዛወረ በኋላ የቀድሞው ስም ሳይታደስ ቀርቶ ለገበያ ወጣ። ዋችታወር የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት መርማሪ ድርጅት ስሙን በ20 ዶላር ገዝቶ የራሱን ሰርቨር ቢያቆምበት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ135,000 የሚበልጡ ሲስተሞች ጥያቄ አቀረቡለት፤ የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ሰርቨሮች ሳይቀሩ! ገዢው ሌባ ቢሆን ኖሮ መልሱን እንደ ወደደ በጻፈላቸው ነበር።

ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ፣ ለአጠቃላዮቹ የዶሜይን ስሞች ሁኢዝን የማቅረብ ግዴታ ቀርቶ አርዳፕ የተባለው አዲስ ደንብ ተተክቷል። እንግዲህ አሮጌውን ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ላይብረሪ ባዶ መልስ ሲያገኝ «ስሙ አልተመዘገበም» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ይኸውም ከስሕተት ሁሉ የከፋው ነው፣ ስሕተት አይመስልምና።

«በነጻ ያገኘነው ነው፣ ምን አገባን» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለውን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያድሱት ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ለመጋዘኑ ዘበኛ የሚቀጥር ነጋዴ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው በወር አንድ ቀን ለዚህ እንዲያውል ቢፈቅድለት አይጎዳም። ባለሙያውም ያረመውን ወደ ላይብረሪው ጠባቂዎች ይላክ፤ ለራሱ ቢያስቀረው በሚቀጥለው እትም እንደገና ሊያርመው ነው።

አስመጪም ሆነ ላኪ፣ ወይም ባለሱቅ፣ ነገ ጧት ባለሙያውን ይጠይቀው፦ የምንጠቀምበት ላይብረሪ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? አርዳፕንስ ያውቃል?